ስለ መኪና መንኰራኵር ብሎን አለዋወጥ

ለመምህራንና ማንበብ ለሚችሉ የአገር ሽማግሌዎች የተዘጋጀ ትምህርት

በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን በ1900 ዓ. ም. ኦቶሞቢል አዲስ አበባ ከገባ ወዲህ፥ ቀድሞ በእግርና በበቅሎ ብዙ ቀን ይፈጅ የነበረው መንገድ በሰዓት የሚቈጠር ሆነ። ዛሬ ደግሞ መኪና ከከተማ አልፎ እስከ ገጠር ገበያና እስከ ትምህርት ቤት ደጃፍ ይደርሳል። ነገር ግን ጥቅሙ ብዙ የሆነውን ያህል፥ አያያዙን ላላወቀ ሰው ጕዳቱም ብዙ ነው።

ከመኪና ዕቃዎች ሁሉ መጠኑ ትንሽ ሆኖ ሳለ ብዙ ነፍስ የተጫነበት የመንኰራኵሩ ብሎን ነው። ርዝመቱም ውፍረቱም ከሰው ጣት አይበልጥም። አንዱ ብሎን በተሰበረ ጊዜ ብዙዎች «የቀሩት ይበቃሉ» ብለው መንገዳቸውን ይቀጥላሉ። ይህ አሳብ ስሕተት ነው። ስሕተት የሆነበትን ምክንያት፥ እንዲሁም አዲስ ብሎን በቤት የሚተካበትን ሥርዓት ከዚህ ቀጥሎ እንገልጻለን። መምህራን በውስጡ ያለውን የኃይልና የልክ ትምህርት ለተማሪዎቻቸው ያስተምሩበት፤ ሽማግሌዎችም መኪና ላላቸው ልጆቻቸውና ጎረቤቶቻቸው ይምከሩበት።

የብሎኑ አሠራርና ሥራው

ከመኪናው ጋራ ተያይዞ የሚሽከረከረው ክብ ብረት ሞዞ ይባላል። ጎማው የተጠለቀበት ክብ ብረት ደግሞ ቸርኬ ይባላል። በሞዞው ፊት ዙሪያውን 4 ወይም 5 ወይም 6 ብሎኖች ተተክለው ወደ ውጭ ይታያሉ። ቸርኬው ቀዳዳዎቹን በነዚህ ብሎኖች ላይ አግብቶ ይቀመጣል፤ ከዚያ በኋላ በየብሎኑ ላይ ዳዶ ይጠብቅበታል። በአንዳንድ የአውሮፓ መኪኖች፥ ለምሳሌ በፎልክስዋገንና በመርሴዲስ፥ በሞዞው ላይ የተተከለ ብሎን የለም፤ ብሎኑ ራሱ ከውጭ ገብቶ ይጠብቃል። የዚህ ጽሑፍ ነገር ግን በሞዞው ላይ ስለ ተተከለው ብሎን ነው።

ብሎኑ ሦስት ክፍል አለው። ከኋላ ሰፊ ራስ አለው፤ ራሱም በሞዞው ጀርባ ላይ ስለሚያርፍ ብሎኑ ወደ ፊት ተስቦ እንዳይወጣ ይከለክለዋል። ከራሱ ቀጥሎ ዙሪያውን የተፈለፈለ ጥርሳም አንገት አለው፤ ይህም አንገት የሞዞውን ቀዳዳ ነክሶ ስለሚይዝ፥ ዳዶው ሲዞር ብሎኑ አብሮ እንዳይዞር ያደርገዋል። ከአንገቱ ወዲያ ያለው ዳዶ የሚገባበት ጠመዝማዛ ጥርስ ያለው ዘንግ ነው። በአገራችን በብዛት በሚታዩት በቶዮታ ኮሮላና በቶዮታ ቪትዝ የዘንጉ ውፍረት 12 ሚሊሜትር ነው፤ ከአንዱ ጥርስ እስከ ተከታዩ ጥርስ ያለው ርቀትም 1.5 ሚሊሜትር ነው። ስለዚህ ዳዶው አንድ ጊዜ ሙሉ ሲዞር 1.5 ሚሊሜትር ብቻ ወደ ፊት ይሄዳል።

ካባ በግድግዳ ችንካር ላይ እንደሚሰቀል፥ መኪናውም በብሎኖቹ ላይ የተንጠለጠለ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ዳዶው ሲጠብቅ ብሎኑ በዓይን የማይታይ ጥቂት መለጠጥ ይለጠጣል። የተለጠጠም ብረት ወደ ቀድሞ መጠኑ ለመመለስ ስለሚስብ ቸርኬውን ከሞዞው ጋራ አጣብቆ ይይዘዋል። የ12 ሚሊሜትሩ ብሎን በልኩ በጠበቀ ጊዜ የሚስበው ኃይል በግምት ከ3000 እስከ 4000 ኪሎ ክብደት ያህል ነው። እንግዲህ የመኪናውን ሸክምና የፍሬኑን ግፊት በዋናነት የሚችለው በቸርኬውና በሞዞው ፊት መካከል ያለው ሰበቃ ነው፤ የብሎኑም ሥራ ሁለቱን ፊቶች አጣብቆ መያዝ ነው። ይህን ነገር በሚገባ ያስተዋለ ሰው ከዚህ በታች የተጻፈውን ሥርዓት ሁሉ በቀላሉ ይረዳዋል።

ብሎን ስለ ምን ይሰበራል

መምህር በተማሪዎቹ ፊት ቀጭን ሽቦ ወስዶ ወዲህና ወዲያ ቢያጥፈው፥ በመጀመሪያው እጥፋት አይሰበርም፤ በብዙ እጥፋት ግን ይሰበራል። ይህ የብረት ድካም ይባላል። የመንኰራኵር ብሎንም እንዲሁ ነው። ዳዶው ሲላላ ቸርኬው በሞዞው ላይ መንሸራተት ይጀምራል፤ ያን ጊዜ ብሎኑ መንኰራኵሩ በዞረ ቍጥር ጥቂት ይታጠፋል። የመንኰራኵሩ ዙሪያ 2 ሜትር ያህል ቢሆን፥ በ1 ኪሎሜትር መንገድ 500 ጊዜ ይዞራል፤ በ100 ኪሎሜትር ደግሞ 50,000 ጊዜ ይዞራል። ይህን ያህል ጊዜ የታጠፈ ብረት ቢሰበር አያስደንቅም። የተሰበረውን ፊት ቢመለከቱት፥ ባንዱ በኩል ለስላሳና የዛጎል ጀርባ የሚመስል መስመር ያለበት ሆኖ ይታያል፤ ይህ ቀስ በቀስ የተሰነጠቀው ክፍል ነው። በቀረው በኩል ሻካራ ሆኖ ይታያል፤ ይህም በመጨረሻ በአንድ ጊዜ የተበጠሰው ክፍል ነው።

ወደዚህ ጕዳት የሚያደርሱት ምክንያቶች እነዚህ ናቸው።

1ኛ፤ ዳዶውን ከልክ በታች ማጥበቅ።

2ኛ፤ ከልክ በላይ ማጥበቅ። በመፍቻው እጀታ ላይ ረጅም ቱቦ አግብተው ወይም በእግራቸው ቆመው የሚያጠብቁ አሉ። ብሎኑ ከልኩ በላይ በተለጠጠ ጊዜ እንደ ተዘረጋ አሮጌ ላስቲክ ወደ ቀድሞ መጠኑ አይመለስም፤ መያዝም ያቅተዋል።

3ኛ፤ ጥርሱን ዘይት ወይም ግራሶ መቀባት። ከማጥበቂያው ኃይል ከ10 እጅ 9ኙ ያህል የሚያልቀው በሰበቃ ነው፤ ብሎኑን የሚለጥጠው የቀረው ጥቂቱ ነው። ዘይት ሰበቃውን ሲቀንሰው በዚያው የእጅ ኃይል ብሎኑ እጅግ ይለጠጣል። የመኪናው መጽሐፍ ካላዘዘ በቀር ጥርሱ ንጹሕና ደረቅ መሆን ይገባዋል።

4ኛ፤ በቸርኬውና በሞዞው መካከል ጭቃ፥ ዝገት ወይም ወፍራም ቀለም መኖሩ። መኪናው ሲሄድ ይህ ቆሻሻ ተፈጭቶ ይወጣል፤ ዳዶውም ማንም ሳይነካው ይላላል።

5ኛ፤ ከቸርኬው ጋራ የማይስማማ ዳዶ መጠቀም። የቸርኬው ቀዳዳ እንደ ማንቆርቆሪያ ወደ ውስጥ የጠበበ ከሆነ ዳዶውም ፊቱ እንደዚያው የሾለ መሆን አለበት።

6ኛ፤ የጥርሱን አቅጣጫ አለማወቅ። በአንዳንድ አሮጌ መኪኖች፥ ለምሳሌ በቀድሞዎቹ የክራይስለር መኪኖች፥ በግራ በኩል ያሉት ብሎኖች በተቃራኒ አቅጣጫ የሚጠብቁ ነበሩ። ይህን ያላወቀ ሰው ፈታሁ ሲል እያጠበቀ ብሎኑን ይቈርጠዋል።

የጕዳቱ ምልክት

ከዳዶው ሥር እንደ ጅረት የወረደ የዝገት መስመር፥ ቀስ ብሎ ሲሄዱ ከጎማው የሚሰማ የቀጭታ ድምፅ፥ የመሪ መንቀጥቀጥ፥ ክብ መሆኑ ቀርቶ እንደ እንቍላል የረዘመ የቸርኬ ቀዳዳ፥ እነዚህ ሁሉ የመላላት ምልክቶች ናቸው። ከነዚህ አንዱን ያየ ሰው መኪናውን ማቆም አለበት። በሩጫ ላይ ሳለ የወለቀ መንኰራኵር ከመኪናው ቀድሞ ይንከባለላልና፥ በመኪናው ውስጥ ላሉት ብቻ ሳይሆን በመንገድ ዳር ለሚሄደው ሕፃንና ገበያ ለተቀመጠችው እናት ጭምር አደገኛ ነው።

የቀሩት ብሎኖች የማይበቁበትም ምክንያት ሁለት ነው። የመጀመሪያው፥ የተሰበረው ብሎን ይስበው የነበረው ኃይል ስለ ጎደለ በቀሩት ላይ ሸክም ይጨመራል። ሁለተኛው፥ አንዱን የሰበረው ምክንያት በሌሎቹም ላይ ሲሠራ ቆይቷል፤ ለዓይን ደኅና የሚመስለውም ብሎን በውስጡ ተሰንጥቆ ይሆናል። ስለዚህ አንድ ብሎን በተሰበረ ጊዜ እርሱንና በግራ ቀኙ ያሉትን መለወጥ ይገባል፤ ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ከተሰበሩ የዚያን መንኰራኵር ብሎኖች ሁሉ መለወጥ ይገባል።

አስቀድሞ የሚዘጋጀው

ዕቃ ለመግዛት ሲሄዱ አሮጌውን ብሎን ይዞ መሄድ መልካም ነው። አዲሱ በአራት ነገር ከአሮጌው ጋራ መስማማት አለበት፤ ይኸውም በዘንጉ ውፍረት፥ በጥርሱ ርቀት፥ በርዝመቱና በአንገቱ ውፍረት ነው። አንገቱ በግማሽ ሚሊሜትር እንኳ ቢቀጥን ቀዳዳውን አይነክስም፤ ዳዶው ሲጠብቅም አብሮ ይሽከረከራል። ከብሎኑ ጋራ አዲስ ዳዶም መግዛት ይሻላል።

የሚያስፈልጉት መሣሪያዎች ክሪክ፥ ጠንካራ የብረት ድጋፍ፥ ለጎማ መወተፊያ የሚሆን ድንጋይ ወይም እንጨት፥ የጎማ መፍቻ፥ 1.5 ኪሎ ያህል የሚመዝን መዶሻ፥ የሽቦ ብሩሽ፥ ወፍራም ሮንዴላዎች፥ አንድ ጠፍጣፋ ፊት ያለው ዳዶና የዓይን መከላከያ መነጽር ናቸው። የማጥበቂያውን ኃይል የሚለካ መፍቻ ቢገኝ እጅግ ይጠቅማል።

የሥራው ቅደም ተከተል

1ኛ፤ መኪናውን በሜዳና በጠንካራ መሬት ላይ ማቆም፥ ማርሽ ማስገባት፥ የእጅ ፍሬን መያዝ። ሥራው ከሚሠራበት ጎማ በተቃራኒ ያሉትን ጎማዎች ከፊትም ከኋላም መወተፍ።

2ኛ፤ ጎማው መሬት እንደ ነካ ዳዶዎቹን ጥቂት ማላላት። መኪናው ከተነሣ በኋላ በኃይል የሚታገል ሰው መኪናውን ከክሪኩ ላይ ይጥለዋል።

3ኛ፤ የመኪናው መጽሐፍ በሚያሳየው ስፍራ ክሪክ አግብቶ ማንሣት፤ ወዲያውም ድጋፉን ከሥር ማግባት። በክሪክ ብቻ በቆመ መኪና ሥር እጅም ሆነ ራስ ማግባት ፈጽሞ አይገባም። የተደረደረ ጡብና ድንጋይም በድንገት ስለሚሰነጠቅ ድጋፍ አይሆንም። የወጣውን ጎማ በመኪናው ሥር በጎኑ አስተኝቶ ማኖር ሁለተኛ ጥበቃ ነው።

4ኛ፤ ፍሬኑን ማንሣት። ፍሬኑ ዲስክ ከሆነ፥ ዲስኩን የሚጨብጠውን መያዣ ፈትቶ በሽቦ ማንጠልጠል ይገባል፤ የፍሬን ዘይት በሚሄድበት ቱቦ ተንጠልጥሎ ከቀረ ቱቦው ይጐዳል። ፍሬኑ ታምቡር ከሆነና የኋላ ጎማ ከሆነ፥ የእጅ ፍሬኑ ካልተለቀቀ ታምቡሩ አይወጣም፤ ስለዚህ ከመልቀቅ በፊት የፊት ጎማዎቹ በሚገባ መወተፋቸውን መመርመር ያስፈልጋል። የፍሬን ትቢያ ለሳንባ ጠንቅ ስለ ሆነ በእርጥብ ጨርቅ መጥረግ እንጂ በአፍ እፍ ማለት አይገባም።

5ኛ፤ ሞዞውን በእጅ እያዞሩ የተሰበረውን ብሎን ከኋላው ባዶ ስፍራ ወዳለበት ማምጣት። በዚያም ጫፉን በመዶሻ ቀጥ አድርጎ ወደ ኋላ መምታት። ጥቂት ጠንካራ ምት ከብዙ ደካማ ምት ይሻላል። በምት የማይወጣ ከሆነ መታገል አያሻም፤ ብዙ ድብደባ በሞዞው ውስጥ ያለውን ኩሽኔታ ያበላሸዋልና ብሎኑን በመጫኛ መሣሪያ ገፍቶ ማስወጣት ይገባል።

6ኛ፤ ቀዳዳውን በብሩሽ ማጽዳት፤ ከዚያም አዲሱን ብሎን ከጀርባ ማግባት። የአንገቱ ጥርስ ከቀድሞው የቀዳዳ ፍልፍል ጋራ እስኪገጥም ድረስ በጣት ቀስ አድርጎ ማዞር።

7ኛ፤ ከፊት በኩል ሮንዴላዎችን በብሎኑ ላይ መደርደር። ከሞዞው ጋራ የሚነካው ሮንዴላ ቀዳዳው ከብሎኑ አንገት የሰፋ ይሁን። በሮንዴላዎቹ መካከል ጥቂት ግራሶ ይቀባል፤ የብሎኑን ጥርስ ግን ግራሶው እንዳይነካው ይጠንቀቁ። ከዚህ በኋላ ጠፍጣፋውን ዳዶ አግብቶ ቀስ እያሉ ማጥበቅ፤ ዳዶው በጠበቀ ቍጥር ብሎኑ እየተሳበ ወደ ቀዳዳው ይገባል። ሞዞው እንዳይዞር፥ በሌሎቹ ብሎኖች ላይ ዳዶ አግብተው በመካከላቸው ጠንካራ ብረት ያጋድሙ።

8ኛ፤ የብሎኑ ራስ በሞዞው ጀርባ ላይ ፈጽሞ ማረፉን በዓይንና በጣት መመርመር። በመካከሉ ወረቀት የሚያስገባ ክፍተት ካለ ሥራው አላለቀም። ከሥራው ሁሉ ዋናው ምርመራ ይህ ነው፤ ራሱ ሳያርፍ የቀረ ብሎን መኪናው ሲሄድ ወደ ውስጥ ይሳባል፥ ዳዶውም ይላላል። ብሎኑን በቸርኬው ራሱ ላይ ዳዶ አጥብቀው የሚስቡትም የቸርኬውን ቀዳዳ ያበላሻሉ።

9ኛ፤ የመሳቢያውን ዳዶ አውጥቶ መጣል፤ ጥርሱ ስለ ደከመ ለጎማው አያገለግልም። ከዚያም የሞዞውንና የቸርኬውን ፊት በሽቦ ብሩሽ ማጽዳት፥ ፍሬኑን መመለስ፥ ጎማውን ማግባት፥ ዳዶዎቹንም በመጀመሪያ በጣት ብቻ ብዙ ዙር ማስኬድ። በጣት የማይሄድ ዳዶ ጥርሱ ተጣሟልና በመፍቻ ማስገደድ አይገባም።

ስለ ማጥበቅ ሥርዓት

ዳዶዎቹን በዙሪያው ተራ በተራ ማጥበቅ ቸርኬውን አጣሞ ያስቀምጠዋል። ለ5 ብሎኖች፥ በዙሪያው ተራ ቍጥር ሰጥተው 1፥ 3፥ 5፥ 2፥ 4 እያሉ ማጥበቅ ነው፤ መስመሩ ቢሳል ኮከብ ይሆናል። ለ4 እና ለ6 ብሎኖች ፊት ለፊት ያሉትን እያከታተሉ ማጥበቅ ነው። በመጀመሪያ ጎማው ተነሥቶ ሳለ ለዘብ አድርጎ፥ ከዚያም ጎማው መሬት ሲነካ በሙሉ ልክ ይጠበቃል።

ልኩ ለየመኪናው በመጽሐፉ ተጽፏል፤ ለኮሮላ 103 ኒውተን ሜትር ነው። ይህ ቍጥር በትምህርት ቤት ሊታይ የሚችል መልካም የሒሳብ ምሳሌ ነው። የ1 ኪሎ ክብደት 9.8 ኒውተን ያህል ስለ ሆነ፥ 103 ኒውተን ሜትር ማለት በ1 ሜትር እጀታ ጫፍ ላይ 10.5 ኪሎ መጫን ማለት ነው። እጀታው 50 ሳንቲሜትር ቢሆን 21 ኪሎ፥ 25 ሳንቲሜትር ቢሆን 42 ኪሎ ያስፈልጋል። እንግዲህ 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው በ50 ሳንቲሜትር እጀታ ጫፍ ላይ ቢቆም 343 ኒውተን ሜትር ይሆናል፤ ይህም ከታዘዘው ልክ ከሦስት እጥፍ ይበልጣል። ብሎን የሚበጥሰውም እንዲህ ያለው ማጥበቅ ነው።

የሚለካ መፍቻ የሌለው ሰው እህልና ቡና በሚመዘንበት በሚንጠለጠል ሚዛን ሊጠቀም ይችላል። መፍቻውን በዳዶው ላይ አግብቶ እጀታውን ወደ ግራ በአግድም ማድረግ፥ ከዳዶው መካከል 50 ሳንቲሜትር ለክቶ በዚያ ላይ የሚዛኑን ሜንጦ ማሰር፥ ከዚያም ሚዛኑን ቀጥ አድርጎ ወደ ላይ መሳብ ነው። ሚዛኑ 21 ኪሎ ሲያመለክት ልኩ ደርሷል። ስበቱ ከእጀታው ጋራ 90 ዲግሪ ካልሆነ ግን ልኩ ይሳሳታል። ይህ ዘዴ እውነተኛው መለኪያ እስኪገኝ ድረስ የሚያገለግል ነው፤ ቢሆንም በግምትና በእግር ከማጥበቅ እጅግ ይሻላል።

መኪናው ከመንቀሳቀሱ በፊት የፍሬኑን መርገጫ ብዙ ጊዜ ረግጦ መጠንከሩን ማየት ያስፈልጋል። ከዚህም በኋላ ከ50 እስከ 100 ኪሎሜትር በሄደ ጊዜ ዳዶዎቹን እንደ ገና በልክ መፈተሽ ግዴታ ነው፤ አዲስ ብሎን በመጀመሪያው ጕዞ ጥቂት ይረጋልና።

በቤት ሊሠራ የማይገባው

የጭነት መኪናና የአውቶቡስ ብሎን፥ በተለይም ሁለት ጎማ ጎን ለጎን የተገጠመበት፥ በቤት ሊነካ አይገባም። ከሞዞው ጀርባ ባዶ ስፍራ ከሌለና ሞዞው ራሱ መውጣት ካለበት፥ ወይም የሞዞው ቀዳዳ ከሰፋ፥ ሥራው የባለሙያ ነው። ሁሉም ሊያውቀው የሚገባ ነገር ደግሞ የመንኰራኵር ብሎን በብየዳ አይጠገንም። ብሎኑ በእሳት ጠንክሮ በልክ የተሠራ ብረት ነው፤ የብየዳ ግለት ያንን ጥንካሬ ያጠፋዋል። የተበየደ ብሎን ቆሞ ላለ መኪና ደኅና ይመስላል፤ ሰው ተጭኖበት ቍልቍለት ሲወርድ ግን ይከዳል።

እንግዲህ ነገሩ በአጭሩ ይህ ነው። መንኰራኵሩን የሚይዘው የብሎኖቹ ቍጥር ብቻ አይደለም፤ የፊቶቹ ንጽሕናና የማጥበቁ ልክ ነው። አንድ ብሎን የተሰበረበት መኪና ሰው ሊጫንበት አይገባም። ሳይቃጠል በቅጠል እንደ ተባለ፥ የአንድ ብሎን ዋጋ ከአንድ ሰው ሕይወት ጋራ አይመዘንም። ሽማግሌዎችም ከመንደራቸው ተሳፋሪ የሚያወጣ መኪና ዳዶ ጎድሎት ባዩ ጊዜ፥ ባለመኪናውን ሳይፈሩ «አስቀድመህ አሠራ» ቢሉት መልካም አደረጉ።

ለተማሪዎች የሚቀርብ ጥያቄ

1ኛ፤ በ40 ሳንቲሜትር እጀታ 103 ኒውተን ሜትር ለማግኘት ስንት ኪሎ መጫን ያስፈልጋል?

2ኛ፤ ዳዶው 8 ጊዜ ሙሉ ቢዞር ስንት ሚሊሜትር ይሄዳል?

3ኛ፤ የብሎኑ ጥርስ ዘይት ቢቀባ የሚጐዳው ስለ ምንድር ነው?

4ኛ፤ የሽቦው መታጠፍና የብሎኑ መሰበር በምን ይመሳሰላሉ?